ማክሰኞ የማይገባ ጀልባ

ቦሰን ባይዱ ጠባቂ ከመሆኑ በፊት ለብዙ ዓመት ሲባረር የኖረ ሰው ነው። ከባሕሩ ሥር ነዳጅ የምታወጣው መርከብ ከዳርቻችን ርቃ ባሕሩ ላይ ከቆመች ወዲህ ዓሣው ወደ እሷ ሄደ። ሲመሽ ከሩቅ ስትታይ መብራቷ ከተማ ይመስላል፤ ዓሣ ደግሞ ብርሃን ይወዳል። በዙሪያዋ ታንኳ እንዳይገባበት የተከለከለ ክልል አለ። የኛ ሰዎች ግን መረባቸው ባዶውን ሲወጣ ከሰነበተ ክልሉን ጥሰው ይገቡ ነበር። ያኔ የውጭ ሰዎች የሚነዷት ጠባቂ ጀልባ ትመጣና በውኃ ቱቦ እየረጨች ታስወጣቸዋለች። አንዳንዴም የተዘረጋው መረብ ላይ ሄዳ ትበጣጥሰዋለች። የባይዱ መረብም ተበጣጥሷል። ያን ጊዜ ከታንኳው ላይ ቆሞ ለጠባቂዎቹ የጮኸውን ስድብ ባሕር ዳር ያለ ሕፃን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

ቦሰን የምንለው የታንኳ መሪን ነው። ባይዱ አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲናገር ሰው ፊት ላይ ሳይሆን ባሕሩ ላይ የሚያይ ሰው ነው። አባቱ ታንኳ ነበረው። ታንኳው አርጅቶ ሲሰነጠቅ ለልጁ የተረፈው ሞተሩ ብቻ ነበር። ባይዱ በሰው ታንኳ ላይ መረብ ሲጎትት ኖሮ፣ ቀስ በቀስ መሪ ሆነ። ሚስቱ ኤኩዋ ዓሣ በጢስ እያደረቀች ታኮራዲ ከተማ ገበያ ትሸጣለች። ታናሽ ወንድሟ ጆጆ ገና ጢሙ ሳይበቅል ባይዱ በሚመራው ታንኳ ላይ ተሳፈረ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ጆጆ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ነበር። ቤት አልሠራም፣ ሚስት አላገባም፣ የሚበላውም እህቱ ቤት ነው። ሰው «መቼ ነው የምታገባው?» ሲለው «ባይዱን አግብቼ የለም እንዴ? ያውም እህቴን ደርቤ ሰጥቼው!» ይላል። ቡአ ነበረበት። መረብ ሲጎትት ብሽሽቱ ላይ እያበጠ ይወጣል፤ ያን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በእጁ ገፋ ገፋ አድርጎ ይመልሰዋል። መረብ ጎታቾች ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። ኤኩዋ ታኮራዲ ሆስፒታል ሄዶ እንዲቀደድ ትጨቀጭቀዋለች። እሱ ደግሞ ዓሣው ሲመለስ እያለ ያሳልፈዋል።

ሕጉ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በነዳጁ ሥራ የአገሬው ሰው ድርሻ ይኑረው፣ የአገር ውስጥ ድርጅት ቅድሚያ ያግኝ ይላል። ታኮራዲ ውስጥ በዚህ ሕግ ፎቅ የሠሩ አሉ። ስማቸውን ለውጭ ድርጅት ያከራያሉ፣ ቢሮ ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ሲነሳ ፊት ይቆማሉ። ወደ እኛ ዳርቻ የመጣው ግን ሥልጠና ብቻ ነበር። ሴቶቹ ሳሙና መሥራት ሠለጠኑ። ወጣቶቹ ብየዳ ሠለጠኑ፤ የምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ አስለብጠው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። የሚበየድ ነገር ግን አልመጣም።

ኋላ ማዳም ሴርዋ መጣች። የኩማሲ ልጅ ናት፤ ኩባንያው ውስጥ የአገሬውን ሰው ተሳትፎ የምትከታተለው እሷ ነች። ሌሎቹ ሲመጡ ከመኪና ሳይወርዱ ነው የሚያነጋግሩን። እሷ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ሄደች፤ መረብ የሚጠገንበት ዳስ ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። በጥበቃው ምክንያት በየሳምንቱ ጠብ እንዳለ ሰምታለች። «ጠባቂዎቹ እናንተ ራሳችሁ ብትሆኑስ?» አለች።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ባይዱ ግን አልሳቀም።

የታንኳ ባለቤቶች ማኅበር አቋቋሙ። ግማሾቹ ሞተራቸውን ሸጡ፣ ጥቂቶቹ ታንኳቸውን ጭምር ሸጡ፣ ኤኩዋም የዓሣ ማድረቂያ ምድጃዎቿን አስይዛ ገባች። ቴማ ወደብ ላይ የቆመች አሮጌ ጀልባ ገዝተው፣ አስጠግነው፣ ቀለም ቀቧት። ፊቷ ላይ «የኛው» የሚል ስም በትልቁ ጻፉባት። ኩባንያው ለሦስት ወር ሊሞክራቸው ተስማማ። በሦስቱ ወራት ከውጭዎቹ ጀልባ ጋር እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ካለፉ ሥራው ሙሉ በሙሉ የነሱ ይሆናል፤ ሌሎች ጀልባዎችም ይጨመራሉ። ከወደቁ ለውጭዎቹ ይመለሳል። የወደቀ ደግሞ ታንኳም የለው፣ ሞተርም የለው።

የቀረው ማክሰኞ ነበር።

ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። ታንኳ አይወጣም፣ ታንኳ አይገባም፤ ሰው መረቡን ይጠግናል፣ ጠበኛ ይታረቃል። ይህን የሚያስጠብቀው የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናና ኤሲልፊ ነው፤ «ናና» የምንለው አለቃን ነው። ለዚህ ጉዳይ ሸንጎ በተጠራ ቀን ነጭ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማዳም ሴርዋ የተናገረችውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ሰባቱንም ቀን ነው ይህ ጥበቃ?» አላት።

«ሰባቱንም ቀን ነው፣ ናና። በፈረቃ።»

«ማክሰኞስ?»

«መርከቧ ማክሰኞ አታርፍም፣ ናና።»

«ባሕሩ ያርፋል፣ ልጄ።»

ከኋላ አንዱ «እንግዲያው እኛም ሰባቱን ቀን እንረፋ!» ሲል ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ናና ዓይኑን ሲገልጥ ግን ሳቁ ቆመ። ያኔ ባይዱ ተነሣ። በሸንጎ ሲናገር ያን ቀን መጀመሪያው ነበር።

«ናና፣ ሰኞ ከወጣን ማክሰኞ ወጡ አንባልም።»

«ቀጥል።»

«ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ከገባን ማክሰኞ ገቡ አንባልም። ፈረቃችን ማክሰኞ ቀትር ላይ ቢያልቅም እዚሁ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለን እናድራለን። አሸዋውን አንነካም። መረብም አንጥልም። ባሕሩ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

«ይሄ ልጅ አባቱም እንዲህ ነበር» አለ አንድ ሽማግሌ። «ዝም ዝም ብሎ ነው የሚያወጣው።»

ናና ኤሲልፊ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጣቱን ግን ወደ ባይዱ ቀሰረ።

«ተስማምቻለሁ። ነገር ግን ማክሰኞ ጀልባችሁ ይህን አሸዋ ከነካች አለቀ። እኔ ራሴ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ፣ እነዚህ ሰዎቼ አይደሉም፣ አላውቃቸውም እላለሁ። እንኳን ለናንተ፣ ከአክራ ሚኒስትር ቢመጣ ማክሰኞ ባሕሩ አይከፈትም። ሰማህ፣ ባይዱ?»

«ሰምቻለሁ፣ ናና።»

ቃሉን ለማጽናት እንደ ደንቡ መጠጥ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ማዳም ሴርዋም አጨበጨበች። ኩባንያው ጀልባዋ ቦታዋ ላይ እስከተገኘች ድረስ የት እንደምታድር ግድ አልነበረውም።

ለጀልባዋ ከተመረጡት መካከል ባይዱ፣ ጆጆና ሞተረኛው ታዊያ በአንድ ፈረቃ ተመደቡ። ከዚያ በፊት ግን የኩባንያው ሐኪም መረመራቸው። ጆጆ ከምርመራው ሲወጣ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ ነበር።

«አለፍክ?» አለው ባይዱ።

«ዶክተሩ ቡአ እንዳለብኝ ሊያይ ሳል ሲለኝ በጉሮሮዬ ብቻ ሳልኩለት። ሆዴ አልሰማም።»

«ቢነቁብህስ?»

«ቢነቁብኝ የምትጎዳው አንተ ነህ፣ አማቼ። ያለ እኔ ምን ይውጥሃል? ከታዊያ ጋር ስለ ሞተር ዘይት ልታወራ ነው?»

ታዊያ እዚያው ቆሞ ነበር። «ስለ ዘይት ማውራት ምን ነውር አለው?» አለ። ሦስቱም ሳቁ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ባይዱ ሌላ ሰው ሊተካ ይችል ነበር። ግን ጆጆ ካልወጣ ኤኩዋ ቤት የሚገባው ደሞዝ በግማሽ ይቀንሳል፤ ደግሞም ባይዱ ያለ ጆጆ ባሕር መውጣት አይሆንለትም።

ሥራውን ሲጀምሩ ታንኳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣባቸው። ባይዱ በድምፅ ማጉያ ይጣራል፤

«ኧረ ወንድሞቼ፣ ክልሉ ውስጥ ገብታችኋል! መረባችሁን ሰብስቡ!»

«ማነው እሱ? ባይዱ ነህ? አምና እዚሁ ከጎናችን የነበርከው?»

«አምና አልፏል። ሰብስቡ።»

«ዩኒፎርሙ እንዴት አምሮብሃል! ሚስትህ ታውቅሃለች ግን?»

ያኔ ጆጆ ማጉያውን ይነጥቀዋል። «የራሳችሁን ሚስቶች ጠይቁ! በየቀኑ ባዶ እጃችሁን ስትገቡ የሚያውቋችሁ ከሆነ!» ይላል። ባሕሩ ላይ ሳቅ ይፈነዳል፤ እየተሳደቡም እየሳቁም መረባቸውን ይሰበስባሉ። ባይዱ የሞገዱን ሂደት አይቶ፣ ታንኳዎቹ ከክልሉ ውጭ የት ቢጥሉ ዓሣ እንደሚያገኙ ይነግራቸዋል። በነዚያ ወራት አንድም መረብ አልተበጠሰም። ማንም በውኃ ቱቦ አልተረጨም። ሥራው ለኛ ይገባል ስንል የነበረው እንዲህ ዓይነቱን ነበር። እውነትም ይገባ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከመርከቧ ይመለሱና አመሻሹ ላይ ከዳርቻው ፊት ለፊት መልሕቅ ይጥላሉ። ጢሱ ይታያቸዋል፣ የልጆች ኳስ ጨዋታ ይሰማቸዋል። ከበቆሎ ሊጥ የተሠራ ኬንኬያቸውን በበርበሬና በተጠበሰ ዓሣ እየበሉ ረቡዕን ይጠብቃሉ። ከዳር ያለው ሰውም ጀልባዋን ማየት ለምዶ ነበር።

ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ መልሕቅ የሚስበው ማሽን ተበላሸ። በእጅ መሳብ ነበረባቸው። ጆጆ ከፊት ሆኖ ገመዱን ያዘና እየዘፈነ ሳበ። መልሕቁ ከውኃው ብቅ ሲል ዘፈኑን አቁሞ ቁጭ አለ።

«ቡአህ ወጣ?» አለው ባይዱ።

«ወጣ። ቆይ፣ አሁን እመልሰዋለሁ።»

በጀርባው ተኛ። እንደ ሁልጊዜው ጉልበቱን አጥፎ ገፋው። አልገባም። ታዊያ የሞቀ ጨርቅ አመጣለት፤ አልገባም። ማምሻውን እብጠቱ ጠነከረ። ጆጆ «ዛሬ ደግሞ አኩርፏል፣ እስኪታረቅ ተዉት» አለ። ሊበላ ግን አልቻለም።

ማክሰኞ ጠዋቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ቆየ። ላብ ያጠምቀዋል፣ ጥርሱን ነክሶ ጎኑን ይዞ ይንከባለላል። ታዊያ ሬዲዮው አጠገብ ቆመ።

«ቦሰን፣ መርከቧ ላይ ሐኪም አለ። ልጥራቸው?»

የመለሰው ጆጆ ነበር።

«ብትጠራቸው ምን ትላለህ? በሽተኛ ደብቀን አመጣን ትላለህ? ታዊያ፣ እጅህን አንሣ ከዚያ።»

«እየሞትክ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

«የሚሞት ሰው ይሳደባል እንዴ? እኔ እየተሳደብኩ ነው።»

ባይዱ ባሕሩን እያየ «ቀትር ላይ ይቀይሩናል» አለ። «እስከዚያ ይገባ ይሆናል። ሁልጊዜ ይገባል።»

ቀትር ላይ የውጭዎቹ ጀልባ መጣች። የእሷ አለቃ በሬዲዮ እንደ ደንቡ ጠየቀ፤ «ችግር አለ?»

ታዊያ ባይዱን አየው። ባይዱ ሬዲዮውን አነሣ።

«ምንም ችግር የለም። ሁሉም ደህና ነው።»

ፊታቸውን ወደ ቤት አዞሩ። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ጆጆ ዓይኑን ገለጠ።

«አማቼ።»

«ወይ።»

«ቆመ።»

«ምኑ?»

«ሕመሙ። በቃ፣ ቆመ እኮ።»

ባይዱ መሪውን ለታዊያ ሰጥቶ መጣና አጠገቡ ተንበረከከ። የጆጆ ፊት ተፈትቶ ነበር። ውኃ ጠየቀ፣ ጥቂት ጠጣ፣ አላስመለሰውም። «አልኩህ አይደል፣ ይታረቃል» አለ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ባይዱ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ታዊያ ሲያወራልን፣ ያለቅስ ነበር ነው የሚለው።

አመሻሹ ላይ ደረሱ። መልሕቅ ጣሉ። መረቦቹ አሸዋው ላይ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከምድጃዎቹ ላይ ጢስ ይነሣል። ኤኩዋ ቢጫ ጨርቅ ራሷ ላይ አስራ ዓሣ ስትገለብጥ ከጀልባዋ ላይ ትታያለች።

«ቦሰን፣ እንግባ» አለ ታዊያ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ መሆኑን አጣሁት? እንግባና ናና እግር ላይ እኔ እወድቃለሁ።»

«ናና ያለውን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። እብጠቱ ግን አልገባም። ነክቼዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ነው።»

«ሕመሙ ቆሟል። ተኝቷል። አሁን ብናንቀሳቅሰው ይነሣበታል። ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው የሚወርደው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለት ሳምንት ነው የቀረን፣ ታዊያ። ሰው ታንኳውን ሸጧል። ሁለት ሳምንት ብቻ!» አለ።

ዳር ላይ አንድ ሰው እጁን አወዛወዘላቸው፤ እንደ ማክሰኞ ልማዱ። ባይዱም እጁን አንሥቶ አወዛወዘ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ጀልባዋ ገባች። የጆጆ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር፤ ሲያናግሩት ዓይኑን እንጂ አፉን አይከፍትም። በመረብ ጠቅልለው፣ ሮጠው፣ ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ታኮራዲ ሆስፒታል ወዲያው ቀደዱት። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ባይዱን ጠየቀው።

«ሕመሙ ቆሞለት ነበር?»

«አዎ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ። ተሻለው ብለን ነበር።»

«አልተሻለውም። የታነቀው አንጀት ያኔ ሞቶ ነው። የሞተ ነገር አያምም።»

ጆጆ ያን ዕለት ሳይመሽ ሞተ።

ኤኩዋ ስትሰማ አልጮኸችም። ባይዱን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ፊቱ ቆመች።

«ማክሰኞ ማታ ጀልባዋን አይቻታለሁ» አለችው። «ዓሣ እየገለበጥኩ አየኋት። እዚያ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ታሞ?»

«ታሞ።»

«እኔ ደግሞ ለረቡዕ ምሳ ዓሣ እየመረጥኩለት ነበር» አለችና ዞራ ሄደች።

ከቀብሩ በኋላ ናና ኤሲልፊ ሸንጎ ጠራ። ሁሉም ለሐዘን ቀይና ጥቁር ለብሶ ነበር። ናና በዚያ አንድ ሳምንት ውስጥ ያረጀ ይመስል ነበር።

«ባይዱ፣ ንገረኝ። ለምን አላስገባኸውም?»

«ማክሰኞ አሸዋውን ከነካችሁ አለቀ ብለውኝ ነበር፣ ናና።»

«ለሥራ ነዋ! ለሥራ ነው ያልኩት። ለምግብ፣ ለነዳጅ፣ ሚስት ለማየት እንዳትገቡ ነው ያልኩት። በሽተኛ ከባሕር ሲመጣ የከለከልኩት መቼ ነው? አባቴስ መቼ ከለከለ? የኳሜናን ልጅ ሞተር እጁን ሲቆርጠው በምን ቀን ነው የገባው?»

«በማክሰኞ» አለ ባይዱ።

«ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ።»

ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ አጎነበሰ።

«ታዲያ ታውቃለህ።»

«ያ በታንኳ ነበር፣ ናና። ያ የኛ ነገር ነበር። ይሄ የኩባንያ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ የተማማልነው ሌላ ነው፣ የባሰ የጠበቀ ነው ብዬ አሰብኩ። እርስዎም እንደዚያ ጣትዎን ቀስረው ሲናገሩ…»

ናና ኤሲልፊ «መጠየቅ ነበረብህ» አለ።

«ሬዲዮው ወደ መርከቧ ነው እንጂ ወደ እርስዎ አይደርስም ነበር» አለ ታዊያ ከኋላ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለማሳቅ ብሎ አልነበረም። ከባሕር ዳር ሰዎች ግማሹ ጥፋቱ የባይዱ ነው አለ፣ ግማሹ የናና ነው አለ። የመርከቧ ሐኪም በሬዲዮ አለመጠራቱን ያነሣ ሰው ጥቂት ነበር፤ ከዚያ ዝምታ ጀርባ ሁሉም የሸጠው ታንኳና ሞተር ነበርና። እስከ ዛሬም ነገሩ አልተቋጨም።

ሙከራው እንዳለቀ ማዳም ሴርዋ ለለቅሶ መጣች። መጠጥና ጨርቅ ይዛ፣ እንደ ደንቡ ከቀኝ ጀምራ ሁሉንም ጨበጠች። ዓይኗ አብጦ ነበር። ከመሄዷ በፊት ባይዱን ለብቻው ጠርታ አነጋገረችው።

«ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ እኔ ራሴ…» አለችና ተወችው። ከዚያ «ሙከራውን አልፋችኋል» አለች። «ሦስቱን ወር ሙሉ ጀልባዋ አንድም ቀን ከቦታዋ አልጎደለችም። ሥራው የናንተ ነው። በሚቀጥለው ወር ፊርማው ይሆናል።»

ባይዱ አመሰገናት። ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ፊርማው ባሕር ዳር ሆነ። ድንኳን ተተከለ፤ ከታኮራዲ ከበሮ መጣ። ከአክራ የመጡ ሰዎች የአገሬው ሰው ተሳትፎ እንዴት እንዳደገ ተናገሩ። ታንኳቸውን የሸጡት ሰዎች በደስታ ሲጨፍሩ አይቶ የሚፈርድባቸው የለም፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ እነሱም የሚሄዱበት ሥራ አላቸው። ባይዱን ፎቶ ሊያነሡት ጀልባዋ ፊት አቆሙት። ያኔ ኤኩዋ በሰው መሃል መጣች። የሐዘን ልብሷን አላወለቀችም። ፎቶ አንሺው ዘመድ መስላው «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ፣ አብረው ይነሡ» አላት።

አልጠጋችም። ባይዱን ብቻ አየችው።

«ሥራው ተገኘ አይደል?»

«ተገኘ።»

«እንግዲህ ሂድና ሥራ።»

በዚያው ሳምንት ዕቃዋን ይዛ ወደ ወንድሞቿና ወደ እናቷ ግቢ ተመለሰች። የዘመዶቿ አለቃ ባይዱን እንደ ገዳይ አንቆጥረውም ብሎ ልኮበት ነበር። እሷ ግን ከሷ ደጅ እንዳያልፍ ብላለች፤ እሱም አያልፍም። ደሞዙ ሲወጣ ግማሹን በታዊያ እጅ ይልክላታል። ትቀበለዋለች። ምድጃዎቿንም አስመልሳለች።

አሁን የኛ ዳርቻ ሦስት ጀልባዎች አሉት። የውጭዎቹ ሄደዋል። ከኛ ሰፈር ሃያ ምናምን ሰው በነዳጁ ሥራ ይኖራል፤ ሁለቱ ልጆች መርከቧ ላይ ለመሥራት ሥልጠና ገብተዋል። ባይዱ ገና ቦሰን ነው። ታንኳዎቹን በማጉያ ሲያናግር ድምፁ የዱሮው ነው፤ ግን ማጉያውን የሚነጥቀው የለም፣ ባሕሩ ላይም ሳቅ አይሰማም። መረባቸውን ዝም ብለው ይሰበስባሉ።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይ ከምዕራብ በኩል ካለ ሌላ መንደር ሦስት ሰዎች መጡ። እነሱም ማኅበር አቋቁመዋል፤ በነሱ ፊት ለፊት አዲስ የነዳጅ ጉድጓድ ሊቆፈር ነውና ጥበቃውን ለመያዝ ፈልገዋል። እነሱ ዘንድ ባሕሩ የሚያርፈው ሐሙስ ነው። ባይዱ ከታዊያ ጋር ሆኖ ዳሱ ሥር ተቀብሎ አስተናገዳቸው። ጀልባ ስለ መግዛት፣ ስለ ፈረቃ፣ ስለ ሐኪም ምርመራ የጠየቁትን ሁሉ መለሰላቸው።

«የዕረፍት ቀኑንስ እንዴት አደረጋችሁ?» አለ ከመካከላቸው ወጣቱ። «የኛ ናና አስቸጋሪ ናቸው።»

ባይዱ ፊቱን ከባሕሩ ወደ ወጣቱ መለሰ።

«ሽማግሌያችሁ በሐሙስ አትገቡም ሲሏችሁ» አለ፣ «ተነሡና ጠይቋቸው። በሽተኛ ቢኖርስ ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ፊት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ።»

ወጣቱ ሳቀ። «ኧረ ቦሰን፣ እሱማ የታወቀ ነው! በሽተኛ ማን ይከለክላል? ይሄን ብንጠይቅ ይስቁብናል።»

«ይሳቁባችሁ። ጠይቁ።»

«እሺ፣ እሺ» አለ ወጣቱ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ታዊያ አዞረና ስለ ሞተር ዋጋ መጠየቅ ጀመረ።